ፕሮክሲው ሲንቀራፈፍ ምን እየጠበቀ ነው?

«ኢንተርኔቱ ቀጥ አለ» የሚል ስልክ ሲደወል የአብዛኛው መሥሪያ ቤት መልስ ከሁለት አያልፍም። ወይ ሰርቨሩ ሪስታርት ይደረጋል፣ ወይ «ባንድዊድዝ (የመስመሩ የማስተላለፍ አቅም) ይጨመርልን» የሚል ደብዳቤ ይጻፋል። ሪስታርቱ ትንሽ ፋታ ይሰጣል። ደብዳቤው በጀት እስኪገኝ መዝገብ ቤት ይቀመጣል። ችግሩ የቱ ጋ እንደሆነ ግን ማንም አላየም።

ይህ ማብራሪያ ባሕር ዳር ውስጥ በኮሌጅ፣ በቢሮ ወይም ሐይቁ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ፕሮክሲ ሰርቨር ለሚያስተዳድር ሰው ነው። ሰርቨር ነክቶ የማያውቅ አለቃም ቢያነበው አይከፋም። ደብዳቤው ላይ የሚፈርመው እሱ ነውና።

ከመሠረቱ እንነሳ። ፕሮክሲ በተጠቃሚውና በኢንተርኔቱ መካከል የሚቆም ሰርቨር ነው። ተማሪዋ ብሮውዘሯ ላይ አድራሻ ስትጽፍ ኮምፒውተሯ በቀጥታ ወደ ውጭ አይወጣም። ፕሮክሲውን «ይህን አምጣልኝ» ይለዋል፤ እሱ ሄዶ ያመጣል። በመንገዱ ላይ ማን ምን እንደጠየቀ ይመዘግባል፣ የተከለከለውን ይከለክላል፣ ደጋግሞ የሚጠየቀውን ደግሞ ቅጂ አስቀርቶ በሚቀጥለው ጊዜ ከጓዳው (ካሽ ከሚባለው) ያወጣል። ለዚህ ሥራ በሰፊው የታወቀው ሶፍትዌር ስኩዊድ ነው። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ያለ፣ በነጻ የሚገኝ፣ በተለምዶ 3128 በሚባለው ፖርት ላይ የሚያዳምጥ ፕሮግራም ነው። ከዚህ በታች የምለው በዋናነት እሱን ይመለከታል።

የጣናን ካርታ የሚያውቅ ሰው የፕሮክሲን ጠባይ ቶሎ ይረዳዋል። ግልገል አባይ፣ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭ፣ ሌሎችም ትንንሽ ወንዞች ይገባሉ። የተፈጥሮ መውጫው ግን አንድ አባይ ነው (የበለስን ዋሻ ሳንቆጥር)። ፕሮክሲም እንዲሁ ነው። በመቶ የሚቆጠር ሰው ይገባበታል፣ በአንድ በር ያስወጣል። ስለዚህ ትንሿ እንቅፋት ለሁሉም ትተርፋለች።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። የሚንቀራፈፍ ፕሮክሲ ላይ ገብታችሁ ሲፒዩውን (የሰርቨሩን ዋና አስሊ) ስታዩት ብዙ ጊዜ 10 ከመቶ እንኳ አልሞላም። ራሙም (ጊዜያዊ ማስታወሻው) ተርፎታል። ሰው እየጮኸ ሰርቨሩ እጁን አጣጥፎ ቁጭ ብሏል። ይህ ግራ ያጋባል፤ ግን ምክንያት አለው። አንድ ነገር እየጠበቀ ነው። ስም እስኪፈታለት፣ ቦታ እስኪለቀቅለት፣ ዲስክ እስኪመልስለት፣ የይለፍ ቃል እስኪረጋገጥለት ወይም መስመሩ እስኪከፈትለት። የመላ ፍለጋው ሥራ በሙሉ «ምን እየጠበቀ ነው?» የሚለውን መመለስ ነው። ይህ ሳይታወቅ የሚገዛ ራም ብር ማባከን ነው።

መጀመሪያ ሎጉን አንብቡ

ስኩዊድ ሁለት ዋና መዝገቦች አሉት። አንደኛው የአክሰስ ሎግ ነው፤ ማን፣ መቼ፣ ምን ጠየቀ የሚለውን ይይዛል። ሁለተኛው የካሽ ሎግ ነው፤ ስኩዊድ ስለራሱ ጤና የሚናገርበት። ሰው ሁሉ የመጀመሪያውን ይከፍትና ሁለተኛውን ይረሳል። የሚገርመው ግማሹ መልስ በግልጽ ተጽፎ የሚገኘው ሁለተኛው ውስጥ ነው።

አንድ የአክሰስ ሎግ መስመር ቀረብ ብለን እንይ። መስመሩ በ1747634521.318 ይጀምራል። ቀጥሎ 5034 አለ። ከዚያ 10.10.4.27፣ ከዚያ «ሚስ» እና 200፣ ከዚያ 1893፣ ከዚያ የተጠየቀው አድራሻ ይከተላል።

የመጀመሪያው ረጅም ቁጥር ሰዓት ነው። ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ ያለፈውን ሰከንድ ይቆጥራል። ዴት በሚባለው የሊኑክስ ትእዛዝ ስንፈታው ሰኞ ግንቦት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ2 ደቂቃ ይሆናል። እዚህ ላይ አንድ የእኛ አገር ጣጣ አለ። ተጠቃሚው «ሦስት ሰዓት ላይ ነው የቆመው» ሲላችሁ፣ የአዲስ አበባ ሰዓት አቆጣጠር የተሞላለት ሰርቨር ያንን 9 ብሎ ይጽፈዋል። በዓለም አቀፉ ሰዓት የተተወ ሰርቨር ደግሞ 6 ይለዋል። ሰርቨሩ 3 ብሎ የጻፈው በሌሊት ነው፤ እሱን ገልጣችሁ «ምንም ችግር የለም» እንዳትሉ። ከሁሉ በፊት ሰርቨሩ በየትኛው ሰዓት እንደሚሠራ አረጋግጡ። መስመሩ የሚጻፈው ጥያቄው ሲያልቅ እንጂ ሲጀምር እንዳልሆነም ያዙ።

5034 የፈጀው ጊዜ ነው፣ በሚሊ ሰከንድ። አምስት ሰከንድ መሆኑ ነው። 10.10.4.27 የጠያቂው ኮምፒውተር አድራሻ ነው። «ሚስ» ማለት ቅጂው ጓዳ ውስጥ አልተገኘም፣ ከውጭ መጣ ማለት ነው። «ሂት» ቢሆን ኖሮ ከጓዳ ወጣ ማለት ነበር። 200 በሰላም ተጠናቀቀ ነው። 1893 የተላከው ባይት ነው፤ ሁለት ኪሎባይት እንኳ አይሞላም።

ይህች መስመር ብቻዋን ብዙ ትናገራለች። ሁለት ኪሎባይት የማትሞላ ነገር ለማምጣት አምስት ሰከንድ ፈጀ። ባንድዊድዝ ቢጠብም ይህን ያህል አይጠብም። አንድ ነገር አምስት ሰከንድ አስቁሞታል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ በ34 ሚሊ ሰከንድ አልቋል።

ሎግ ስታነቡ አንድ ወጥመድ አለ። ዛሬ አብዛኛው ድረ ገጽ በኤችቲቲፒኤስ የተቆለፈ ነው። ፕሮክሲው ውስጡን አያይም፤ «ኮኔክት» በሚባል ጥያቄ መተላለፊያ ቧንቧ ብቻ ይከፍታል። ሎጉ ላይ የሚጻፈው ጊዜ ቧንቧው ከተከፈተ እስከተዘጋ ያለው ሙሉ ዕድሜ ነው። አንድ ሰው ቴሌግራምን ጠዋት ከፍቶ ምሳ ሰዓት ቢዘጋው ሎጉ ላይ የሰዓታት ቁጥር ታያላችሁ። ያ መንቀራፈፍ አይደለም፤ ሰውዬው ቴሌግራም ላይ ነበር ማለት ብቻ ነው። ስለዚህ የዘገዩትን ስትለቅሙ የኮኔክት መስመሮችን ለይታችሁ አውጡ። ቧንቧው ሳይዘጋ ደግሞ መስመሩ ጨርሶ አይጻፍም። አሁን በዚህ ደቂቃ መስመሩን የያዘው ሰው ሎጉ ላይ ላይኖር ይችላል።

ያቺ አምስት ሰከንድ

ጥያቄዎች ደጋግመው በአምስት ሰከንድ ወይም ከአምስት ትንሽ ከፍ ብለው ካለቁ፣ መጀመሪያ የምጠረጥረው ዲኤንኤስን ነው። ዲኤንኤስ የድረ ገጽን ስም ወደ ቁጥር አድራሻ የሚለውጥ አገልግሎት ነው። ስኩዊድ ስም ሲፈታ ለመጀመሪያው ዲኤንኤስ ሰርቨር ጥያቄ ይልካል። መልስ ካጣ በመነሻ አሠራሩ 5 ሰከንድ ጠብቆ እንደገና ይሞክራል። ጨርሶ ተስፋ የሚቆርጠው 30 ሰከንድ ላይ ነው።

እንዲህ ዓይነቱ ችግር በአንድ ቀን አይመጣም። ከዓመታት በፊት የነበረ ባለሙያ የጻፈው ዲኤንኤስ አድራሻ ይኖራል። ያ ሰርቨር ተነስቷል ወይም ሰውየው ሲለቅ አብሮ ተረስቷል። ሁለተኛው አድራሻ ስለሚሠራ ሁሉም ነገር ይከፈታል፤ ግን ከአምስት ሰከንድ በኋላ። አንዴ የተፈታ ስም ለተወሰነ ጊዜ ስለሚታወስ ደግሞ ችግሩ ይመጣል ይሄዳል። ጉግል ወዲያው ይከፈታል፣ ማንም ያልጎበኘው ገጽ ይንቀራፈፋል። ተጠቃሚው «አንዳንዴ ነው» ይላል፤ እውነቱን ነው።

ፍተሻው ቀላል ነው። ፕሮክሲ ሰርቨሩ ላይ ራሱ ገብታችሁ፣ የተመዘገቡትን ዲኤንኤስ አድራሻዎች አንድ በአንድ ጠይቁ። ዲግ የሚባለው ትእዛዝ መልሱ በስንት ሚሊ ሰከንድ እንደመጣ ከታች ይጽፍላችኋል። ከርል በሚባለው ትእዛዝም አንድ ገጽ አስመጥታችሁ ስም ለመፍታት፣ ለመገናኘትና የመጀመሪያዋን ባይት ለማግኘት የፈጀውን ለየብቻ ማየት ትችላላችሁ። ከርልን ግን በፕሮክሲው በኩል እንዳታሳልፉት። በፕሮክሲው በኩል ካለፈ ስሙን የሚፈታው ፕሮክሲው ስለሆነ፣ የስም መፍቻው ሰዓት የሚነግራችሁ የፕሮክሲውን ስም ለመፍታት የፈጀውን ብቻ ነው።

መፍትሔው የሞተውን አድራሻ ማውጣት፣ ከተቻለም እዚያው ሰርቨሩ ላይ ወይም ግቢው ውስጥ ስም እያስታወሰ የሚመልስ ትንሽ ዲኤንኤስ ማቆም ነው። በዚህ ብቻ ነፍስ የዘራ ፕሮክሲ ብዙ ነው።

«የተከፈተው ይሠራል፣ አዲስ አይከፈትም»

አንድ የማውቀው ኮሌጅ ውስጥ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ ለአይቲ ክፍሉ ደውላ እንዲህ አለች፦ «ኧረ ወንድሜ፣ የተከፈተው ገጽ ይሠራል፣ አዲስ ግን አይከፈትም። ምን አድርጋችሁት ነው?» ልጁ «እህቴ፣ ኔትወርክ ነው፣ ታገሺ» ብሎ ዘጋ። ሰርቨሩ ላይ ራም ተጨምሮ ሳምንት አልሞላውም ነበር። እሷ ግን ሳታውቀው ችግሩን በትክክል ነግራዋለች።

ሊኑክስ ለእያንዳንዱ ክፍት ግንኙነትና ለእያንዳንዱ ክፍት ፋይል አንድ ቁጥር ይሰጣል። ፋይል ዲስክሪፕተር ይባላል። አንድ ፕሮግራም ስንት ቁጥር ሊይዝ እንደሚችል ጣሪያ አለው፤ በብዙ ሊኑክስ ላይ መነሻው 1024 ነው። ለአንድ ሰው በቂ ነው። ለፕሮክሲ ግን ምንም አይደለም። አንድ የኤችቲቲፒኤስ ቧንቧ ሁለት ቁጥር ይበላል፤ አንዱ ወደ ተጠቃሚው፣ አንዱ ወደ ውጭው ሰርቨር። 1024 ለሁለት ሲካፈል 512 ነው። አንድ ብሮውዘር ብዙ ታብ ተከፍቶበት ብቻውን በደርዘን የሚቆጠር ግንኙነት ሊይዝ ይችላል። ሃምሳ ተማሪ ያለበት አንድ የኮምፒውተር ክፍል ጣሪያውን ሊነካው ይችላል ማለት ነው።

ጣሪያው ሲደርስ ስኩዊድ አይወድቅም። አዲስ ግንኙነት መቀበል ያቆምና አሮጌው እስኪለቅ ይጠብቃል። የገቡት ይሠራሉ፣ ደጅ ያሉት ይጠብቃሉ። ሲፒዩ ነጻ ነው፣ ራም ነጻ ነው። ራም ቢጨመር ምን ሊፈይድ?

የካሽ ሎጉን ብትከፍቱ ፋይል ዲስክሪፕተር እያለቀ መሆኑን የሚያስጠነቅቅ መስመር በደማቁ ታገኛላችሁ። በስኩዊድ የራሱ ማኔጀር ገጽ ላይም የመረጃ ዝርዝሩን ከጠየቃችሁ ጣሪያው ስንት እንደሆነ፣ አሁን ስንት እንደተያዘና ስንት እንደቀረ ይነግራችኋል።

ጣሪያውን ማሳደግ የደቂቃ ሥራ ነው፤ ግን የሚሳሳቱበት ቦታ አለ። ብዙ ሰው ተርሚናል ላይ «ዩሊሚት» ብሎ ቁጥሩን ከፍ ያደርግና ጨረስኩ ይላል። ያ የሚሠራው ለዚያ ተርሚናል ብቻ ነው። በዘመናዊ ሊኑክስ ስኩዊድን የሚያስነሳው ሲስተምዲ ስለሆነ፣ ጣሪያው መጻፍ ያለበት የስኩዊድ አገልግሎት ፋይል ውስጥ ነው። የስኩዊድ ማዋቀሪያ ውስጥ ያለውም መስመር ከዚያ ጋር መስማማት አለበት። ከዚያ ስኩዊድን አጥፍታችሁ ካስነሳችሁ በኋላ ማኔጀሩ ላይ ተመልሳችሁ አዲሱ ቁጥር መታየቱን እዩ። ካልታየ አልሠራም፤ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።

12 ከመቶ ሲባል

ሲፒዩ ነጻ ነው ስል አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ስኩዊድ ዋናውን ሥራ በተለምዶ የሚሠራው በአንድ ፕሮሰስ (በአንድ ሩጫ ላይ ባለ ፕሮግራም) ነው። ስምንት ኮር (ለየብቻ የሚሠራ የሲፒዩ ክፍል) ባለው ሰርቨር ላይ አንዱ ኮር ሙሉ በሙሉ ቢያዝ አጠቃላይ ሥዕሉ የሚያሳየው 12 ከመቶ ገደማ ነው። አለቃ ይህን አይቶ «ሰርቨሩ ሥራ ፈቷል» ይላል። ቶፕ የሚባለውን ትእዛዝ ከፍታችሁ የ1 ቁጥርን ተጫኑ። ኮሮቹ አንድ በአንድ ይዘረዘራሉ። ሰባቱ ተኝተው አንዱ 100 ላይ ከሆነ፣ ይህኛው ፕሮክሲ እውነትም ሥራ በዝቶበታል።

ከ3.2 ስሪት ጀምሮ ስኩዊድ ሠራተኛ ፕሮሰሶችን አብዝቶ ሥራውን ለብዙ ኮር ማካፈል ይችላል። ግን ወደዚያ ከመሄዳችሁ በፊት ያንን ኮር ምን እንደያዘው እዩ። በብዛት የእገዳ ዝርዝር ነው። በቃል ቅርጽ የሚፈትሽ ዝርዝር፣ ማለትም «አድራሻው ውስጥ ይህ ቃል ካለ አግድ» የሚለው፣ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ከላይ ወደ ታች አንድ በአንድ ይሞከራል። ከኢንተርኔት የወረደ ብዙ ሺህ መስመር ያለው ዝርዝር ተለጥፎበት ከሆነ፣ ለእያንዳንዷ ትንሽ ምስል ያ ሁሉ ይነበባል። በድረ ገጽ ስም ብቻ የሚያግደው ዓይነት ግን በፍጥነት የሚፈለግ ሆኖ ነው የሚቀመጠው። አብዛኛውን ወደዚያ አዛውሩት። በመቶ የሚቆጠሩ የቃል ቅርጾችን ወደ አንድ የስም ዝርዝር መቀየር አዲስ ሰርቨር ከመግዛት በላይ የሚሠራበት ጊዜ አለ። ቀላሉን ፍተሻ አስቀድሙ፣ ከባዱን ወደ ታች አውርዱት። በመድረሻ አይፒ የሚያግድ ደንብም ካለ ለመፍረድ ዲኤንኤስ መጠየቅ እንዳለበት አትርሱ።

የይለፍ ቃል የሚጠይቅ ፕሮክሲ ከሆነም ሌላ ወረፋ አለ። ስኩዊድ የይለፍ ቃሉን ራሱ አያረጋግጥም፤ ረዳት ፕሮግራሞችን ይልካል። ረዳቶቹ አምስት ከሆኑና የተማሪዎች መዝገብ ያለበት ሰርቨር ከዘገየ፣ አምስቱም ተይዘው ስድስተኛው ሰው ይቆማል። ይህም የካሽ ሎግ ላይ «ረዳቶች በሙሉ ሥራ ላይ ናቸው» በሚል መንፈስ ይጻፋል። የረዳቶቹን ቁጥር ማሳደግ ይረዳል። የተረጋገጠ የይለፍ ቃል የሚታወስበትን ጊዜ ማርዘም የበለጠ ይረዳል።

ዲስክና ራም

እዚህ ላይ የራሴ አቋም አለኝ፦ ዛሬ ለአብዛኛው ፕሮክሲ የዲስክ ጓዳ ከጥቅሙ ድካሙ ይበልጣል።

ፕሮክሲ ሲጀመር የዲስክ ጓዳ ትልቅ ነገር ነበር። መስመር ጠባብ፣ ድረ ገጹም ያልተቆለፈ ነበር። አንዱ ያስመጣውን ምስል ሌላው ከጓዳ ያገኘዋል። አሁን ግን አብዛኛው ነገር በኤችቲቲፒኤስ ቧንቧ ስለሚያልፍ ፕሮክሲው ቅጂ ማስቀረት አይችልም። ጓዳው ግን እንዳለ ነው፤ ዲስኩ ይሽከረከራል፣ ይጽፋል፣ ይሰርዛል። አክሰስ ሎጉ ላይ ስንቱ ሂት እንደሆነ ቆጥሩ። ቁጥሩ ኢምንት ከሆነ ለማን ተብሎ ነው?

ጉዳቱ ሁለት ነው። አንደኛው ዲስክ መጠበቅ ነው። በድሮው የስኩዊድ አቀማመጥ አንድ ፋይል ከዲስክ እስኪነበብ ዋናው ፕሮሰስ ራሱ ይቆማል፤ እሱ ሲቆም ሁሉም ተጠቃሚ ይቆማል። አይኦስታት የሚባለውን ትእዛዝ አስነስታችሁ ዲስኩ 100 ከመቶ አካባቢ ከተጣበቀ ይህ ነው። ዲስኮቹ በሬይድ 5 (ብዙ ዲስክን እንደ አንድ በሚያያይዝ አሠራር) ከተሠሩ ይብሳል፤ ሬይድ 5 ብዙ ትንንሽ ጽሑፍ አይወድም።

ሁለተኛው ራም ነው። ስኩዊድ ዲስክ ላይ ያለውን ሁሉ ለማግኘት ማውጫውን ራም ላይ ይይዛል። በ64 ቢት ማሽን ለእያንዳንዱ ጊጋባይት ዲስክ ወደ 14 ሜጋባይት ራም ይፈልጋል። 100 ጊጋባይት ጓዳ ማለት 1.4 ጊጋባይት ራም ለማውጫ ብቻ። ማዋቀሪያው ላይ ያለው የካሽ ሜሞሪ መስመር፣ መነሻው 256 ሜጋባይት የሆነው፣ የስኩዊድን ጠቅላላ ራም አይወስንም፤ ራም ላይ የሚቀመጡትን ገጾች ብቻ ነው የሚወስነው። «ሰርቨሩ 8 ጊጋባይት አለው፣ 8 ልስጠው» ያለ ሰው ሰርቨሩን ወደ ስዋፕ ይገፋዋል። ስዋፕ ራም ሲያልቅ ዲስክን እንደ ራም መጠቀም ነው፤ ፕሮክሲ እዚያ ከገባ ነገሩ አበቃ። ቪኤምስታት በሚባለው ትእዛዝ የስዋፕ መግቢያና መውጫ ሁለቱ ዓምዶች ዜሮ መሆን አለባቸው። ሌላ ቁጥር ደጋግሞ ከታየ የካሽ ሜሞሪውን ወደ ራሙ ሩብ ወይም ሢሶ አውርዱት።

የእኔ ምክር ሂቱ ትንሽ ከሆነ የዲስክ ጓዳውን ማጥፋትና በራም ብቻ መሥራት ነው። የማይተው ምክንያት ካላችሁ ዋናው ፕሮሰስ ሳይቆም ዲስክን በሌላ ክር (ጎን ለጎን በሚሄድ ሥራ) የሚያስነብበውን አቀማመጥ ወይም ሮክ የሚባለውን ተጠቀሙ። ሠራተኛ ፕሮሰሶችን ለማብዛት ካሰባችሁ ምርጫው ሮክ ነው።

ከስኩዊድ ውጭ ያሉ

አንዳንዴ ስኩዊድ ንጹሕ ነው። ፋየርዎሉ (የኔትወርኩ ዘበኛ) እያንዳንዱን ግንኙነት የሚመዘግብበት ሠንጠረዥ ሲሞላ ፓኬት፣ ማለትም የሚያልፈውን የመረጃ ቁራጭ፣ ይጥላል። ይህን የምታገኙት በስኩዊድ ሎግ ሳይሆን በከርነሉ (በሊኑክስ እምብርት) መልእክት ላይ ነው፤ ዲሜሴጅ ብላችሁ እዩ። ወደ ውጭ ለመውጣት ሊኑክስ በመነሻው ከ32768 እስከ 60999 ያሉትን ፖርቶች ይጠቀማል፣ 28 ሺህ ገደማ። የተዘጋ ግንኙነትም ፖርቱን ለ60 ሰከንድ ያህል ይዞ ሊቆይ ይችላል። በጣም ለተጨናነቀ ሰርቨር ይህም ያልቃል። የኔትወርክ ካርዱ በ1000 ሜጋ ፈንታ በ100 የተያያዘ እንደሆነም ኢትቱል በሚባለው ትእዛዝ እዩ። የተበላሸ የኬብል ጫፍ ስንቱን አስለቅሷል። የሎግ ዲስኩም አይሙላ፤ ከሞላ ስኩዊድ ራሱ ሊቆም ይችላል።

ባሕር ዳር ላይ ደግሞ ሙቀቱን እጨምራለሁ። ሚያዝያና ግንቦት ላይ ቀን ቀን 30 ዲግሪ ይደርሳል። ኤሲው የተበላሸ፣ በሩ የተዘጋ፣ ዩፒኤስ የታጨቀበት የሰርቨር ክፍል ውስጥ ከዚያ በላይ ነው። ሲፒዩ ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ይህንንም ከርነሉ ይጽፈዋል። ጠዋት ደህና ሆኖ ከ8 ሰዓት በኋላ የሚንቀራፈፍ ሰርቨር ካላችሁ ማዋቀሪያ ከመነካካት በፊት ክፍሉ ውስጥ ገብታችሁ ቁሙ። ማራገቢያውን አቧራ ዘግቶት እንደሆነም እዩ።

ሪስታርት ለምን የሚሠራ ይመስላል?

ሪስታርት ሁሉንም ቧንቧ ይቆርጣል። የተያዙት ቁጥሮች ይለቀቃሉ፣ ወረፋው ባዶ ይሆናል፣ ስዋፕ የገባው ይወጣል። ከዚያ ተጠቃሚዎች ቀስ በቀስ ይመለሳሉ፣ ጣሪያውም እንደገና ይደርሳል። ፋታው ያ ነው። ማስረጃውን ግን አብሮ ያጠፋዋል። ስለዚህ ሪስታርት ከማድረጋችሁ በፊት ሁለት ደቂቃ ስጡት፤ የማኔጀሩን መረጃ፣ የቶፕን፣ የቪኤምስታትንና የአይኦስታትን ውጤት ወደ ፋይል ገልብጡ። ከዚያ እንደፈለጋችሁ።

ሌላም ነገር አለ። ስኩዊድ ጥፋ ሲባል በመነሻ አሠራሩ የተገናኙት እንዲጨርሱ እስከ 30 ሰከንድ ይጠብቃል። ይህን የማያውቅ ሰው «ሀንግ አደረገ» ይልና ገመዱን ይነቅላል። መብራት ሲሄድና ዩፒኤሱ ሲያልቅም ውጤቱ ያው ነው። በትክክል ሳይዘጋ የቀረ የዲስክ ጓዳ ሲነሳ ማውጫው እንደገና መሠራት አለበት፤ ስኩዊድ ዲስኩን እያገላበጠ ነው ተጠቃሚን የሚያስተናግደው። ጓዳው ትልቅ ከሆነ ይህ ረጅም ጊዜ ይወስዳል። መብራት በመጣ ማግስት ፕሮክሲው ለምን እንደሚያቃስት ገባችሁ? በዚያ ሰዓት ደግመው ሪስታርት ቢያደርጉት ሥራው ከዜሮ ይጀምራል።

ባንድዊድዙ እውነት ካነሰስ?

ይህም ይሆናል፤ ግን በሰሚ ሰሚ አይታወቅም። 100 ሜጋቢት መስመር በሰከንድ 12.5 ሜጋባይት ነው። በአንድ ጊዜ 400 ሰው ቢያወርድበት ለአንዱ ሩብ ሜጋቢት ይደርሰዋል። ይህን ያህሉን ሰው የትኛውም የስኩዊድ ማስተካከያ አያጠግበውም።

ማየት ያለባችሁ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ወደ ውጭ የሚወጣው የኔትወርክ ካርድ ስንት እያሳለፈ ነው? የገዛችሁት ፍጥነት ላይ ደርሶ ጠፍጣፋ መስመር ከሠራ ሞልቷል። ሁለተኛ፣ ከሰርቨሩ ወደ ኢንተርኔት አቅራቢው መግቢያ ፒንግ አድርጉ፣ ማለትም ትንሽ መልእክት ልካችሁ መልሱ የሚመጣበትን ጊዜ ለኩ። ሌሊት ላይ ከነበረው ብዙ እጥፍ ከዘገየ ወረፋው መስመሩ ላይ ነው።

ከሞላም ወዲያው ደብዳቤ አትጻፉ። ማን እንደሞላው እዩ። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ የኮምፒውተር ክፍሎች ሲከፈቱ ማሽኖቹ በሙሉ አንድ ላይ የዊንዶውስ አፕዴት ይጀምራሉ። ስብሰባ ያስተናገደ ሆቴል ውስጥ ደግሞ እንግዳው ሁሉ ሻይ ሰዓት ላይ ቪዲዮ ይከፍታል። ለመጀመሪያው መፍትሔ ማሽኖቹ አፕዴቱን እርስ በርስ እንዲካፈሉ ማድረግና ሰዓቱን ወደ ማታ ማዛወር ነው። ለሁለተኛው ስኩዊድ ዲሌይ ፑል የሚባል ነገር አለው፤ ለአንድ ሰው ወይም ለአንድ ክፍል የፍጥነት ልክ ያበጃል። የኤችቲቲፒኤስ ቧንቧውንም ይገታዋል፣ ውስጡን ማየት ባይችልም።

ይህ ሁሉ ተደርጎ መስመሩ አሁንም ከጠዋቱ 3 እስከ 6 ሰዓት ጠፍጣፋ ከሆነ ደብዳቤው ይጻፍ። ከደብዳቤው ጋር የአንድ ሳምንት የትራፊክ ግራፍ፣ የሌሊትና የቀን ፒንግ፣ የዲኤንኤስ መልስ ጊዜና የፋይል ዲስክሪፕተር ቁጥሩን አያይዙ።